ሳያዩ «አይተናል» የሚሉት ሰፊዎች

«ማን አየህ? እ? ስትነቅለው ማን አየህ?»

ይሄ ጨርቅ ቆራጩ ነው። ከንፈሩ መሃል ሦስት ስፒል ነክሶ ስለሚያወራ ቃሉ ሁሉ እየተፋጨ ነው የሚወጣው፤ «ማፍ አየፍህ» በሉት። ያን ቀን ግን ስፒሎቹን ተፍቷቸዋል። አክስቴ «ያኔ ነው የደነገጥኩት» ትላለች፤ «አፉ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

የሚጮኽበት ሰው ጋሽ ካውያ ነው፤ የተሰፋውን ልብስ ሁሉ በካውያ የሚተኩሰው ሽማግሌ። እስከዚያ ጠዋት «ጋሼ፣ ጋሼ» ሲለው የነበረ ቆራጭ፣ አሁን «አንተ!» ብቻ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። አክስቴ የዩኒፎርም ሰፊ ናት። የምትሠራው ምድር ቤት ነው፤ መግቢያውም መውጫውም በሞተር ከላይ የሚወርድ አንድ የላሜራ በር። አሠሪያቸው እሳት ሲፈራ አይጣል ነው፤ ደንብ አወጣ። ጋሽ ካውያ ካውያውን ከሶኬት ሲነቅል «ነቅያለሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ገመዱን አይተው «አይተናል!» ይላሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት አይተው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማን አንገቱን ያዞራል? እንቅልፍ የያዘው ሰው አሜን እንደሚለው፣ ዓይናቸው መርፌው ላይ፣ አፋቸው ብቻ «አይተናል!»

ያን ቀን ለምሳ ሊወጡ ሲሉ እንደ ልማዳቸው ተባባሉ። በሩ ግን አልነሳም አለ። አክስቴ የሞተሩን ማስነሻ ተጫነች። ተጫነች። አሁንም ተጫነች። በሩ እንደ ዓመለኛ በቅሎ አንዴ ነጠር አለና ቀረ። እዚያ ስልክ አይሠራም። ላሜራውን ቢደበድቡም ሰሚ የለም፤ ላይ ያለው ሁሉ ምሳ ሄዷል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቃጠሎ ሽታ መጣ።

ሁሉም ዞረው ጋሽ ካውያን አዩ።

«ኧረ ነቅያለሁ! አይተናል ብላችሁ የለ እንዴ?»

«እንላለን እንጂ ማን ያያል!» አለች አንዷ ሰፊ።

ገመዱ ወለሉ ላይ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ዓይን ላለው ይሄ ይበቃ ነበር። ቆራጩ ግን «አሁን ነው የነቀልከው! ሲሸተን ጊዜ ነው የነቀልከው!» ብሎ ካውያውን ነካው፤ ይፋጃል። ከተነቀለ ሩብ ሰዓት ያልሞላው ካውያ በረዶ ይሆን ይመስል!

አክስቴ ማለት ጉንዳን ላለመርገጥ የምትዘል ሴት ናት። ከጋሽ ካውያ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። አሠሪው በእንፋሎት የሚተኩስ ማሽን ሊያመጣ መሆኑን የሰማ ለት «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል፣ እህቴ?» ብሎ ያለቀሰው ለእሷ ብቻ ነው፤ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እሷ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወደ ቆራጩ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ማሽን ሊያመጡበት ነው... ቂም ይዞ ይሆን?»

በቃ! ቆራጩ ሽማግሌውን ከግድግዳ አጣብቆ እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። «የሚታሰርበት አምጡ!» ማንም አልተንቀሳቀሰም። አክስቴ ከጠረጴዛዋ ላይ የወገብ ጥብጣብ መዘዘች። ሁለቴ አዙራ አሰረችው፤ ጫፉን በጥርሷ በጠሰችው። እኔ ስወድቅ ጉልበቴን እፍ እፍ የምትልልኝ ሴት!

«አክስቴ፣ ለምን?» አልኳት ይሄን ስትነግረኝ።

«እንጃ። እጄ ሲያስር አየሁት እንጂ እኔ አላሰርኩም።»

«ታዲያ ጎረቤት ነው መጥቶ ያሰረው?»

ልትወረውርብኝ ጫማዋን ፈለገች።

ዘበኛው ከምሳ ሲመለስ ላሜራው ሲደበደብ ሰምቶ በሩን በብረት ፈለቀቀው። አሸተተና ቀና አለ። «ይሄን ሞተር ማነው እንዲህ ሲያስጨንቀው የቆየው? ነዶ አልቋል እኮ!» ሽታው ከአናታቸው ላይ ኖሯል። ማስነሻውን ስትጫን የቆየችው ደግሞ አክስቴ።

የባሰው ገና ነው። ጋሽ ካውያ ፊቱ ወደ ግድግዳ ስለነበር ማን እንዳሰረው አላየም። ቆራጩ ነው ብሎ ይምላል፤ ሰላምታም ነፍጎታል። ትናንት እቤት መጣ። የእጁ ሰንበር ገና አልጠፋም። የአክስቴን ሁለት እጆች ይዞ፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው እጁን ያላነሳብኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ እዚያ ቤት አልመለስም ነበር» አላት።

አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ተጫወት» አለችው። ተጫወት! እኔ በሳቅም በድንጋጤም አፌን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

ዛሬ ይሄን ስጽፍ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው?»

«ያንቺን ጉድ።»

«ማሰሬንም ጻፍሽው?»

«ጥብጣቡን፣ ጥርስሽን፣ ሁሉንም።»

መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋችው።

«በቃ፣ አትጻፊ ልጄ። እሱ ማንበብ ያውቃል።»