ዳገት የለመደ እግር

ከቤቴ አጠገብ ግንበኞች እርጥብ አሸዋ ባራገፉ ቁጥር ሽታው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን በረንዳ ይመልሰኛል፤ እዚያ እናቴ ተቀምጣ፣ አባቴ ከአሮጌ ጂንስ ቆርጦ የሰፋውንና አሸዋ የሞላውን ከረጢት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ፣ እግሯን ታነሳና ታወርድ ነበር።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ በክረምቱ መግቢያ ጀሶው ሲፈታ ጭኗ ከስቶ ቆዳው ተንጠልጥሎ አየነው። እሷን ያስጨነቃት ግን መክሳቱ አልነበረም። ኪራሙ ያለችውን፣ እናት ሆና ያሳደገቻትን ታላቅ እህቷን በየዓመቱ ጥር ላይ ሄዳ ትጠይቅ ነበር፤ መኪና ከሚቆምበት እስከ እህቷ ደጅ ደግሞ የግማሽ ቀን ዳገት ነው። «ዘንድሮ ብቀር የሞትኩ ይመስላታል» ትል ነበር።

አባቴ የስፖርት አስተማሪ ነበርና ቤቱን ልምምድ ሜዳ አደረገው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየዋለ፣ እኛ ልጆቹ መውጫ አጥተን ስንቁነጠነጥ፣ እሱ ከጎኗ ቁጭ ብሎ «ሱታ፣ ሱታ» ይላት ነበር፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። ክብደቱን ሳይሆን ድግግሞሹን እየጨመረ ቆይቶ፣ መስከረም ሲጠባ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት አስጀመራት።

የማትችለው ዕረፍትን ነበር። አባቴ ከልምምድ እንድታርፍ ባዘዛት አንድ ቀን፣ እሱ ትምህርት ቤት እስኪሄድላት ጠብቃ ዳገቱን ደጋግማ ወጥታ ወረደች፤ እሱ ሲመለስ ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ጠበቀው። አልተቆጣም። ጡንቻ ሲሠራ ይጎዳል፣ ሲያርፍ ራሱን እየጠገነ ይጠነክራል ብሎ አስረዳትና «አንቺ ግን የመጠገኛውን ቀን ትሰርቂዋለሽ» አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ፤ እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀን መቀመጥን እንደ ሥራ ይዛ፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች ትውል ጀመር።

ጥር ላይ እኔን አስከትላ ኪራሙ ሄደች። ዳገቱ ወገብ ላይ እኔ ተዝለፍልፌ ስቀመጥ እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። አክስቴ ከደጇ ሆና ስታያት ጎንበስ ብላ የእናቴን እግር ዳበሰች።

አክስቴ ዛሬም በሕይወት አለች፤ የኪራሙ መንገድ ግን በግጭት ሳቢያ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ አሁንም በየማለዳው የሰፈራችንን ዳገት ትወጣለች። በቅርቡ በስልክ፣ እማዬ አሁንስ ዕረፊ እንጂ ብላት፣ «መንገዱ የተከፈተ ቀን እግሬ እምቢ ቢለኝስ?» አለችኝ። ያኔ መንገዱ ክፍት ሆኖ የከለከላት እግሯ ነበር። ዛሬ እግሯ ይችላል።