ጎፈር ያላት አንበሳ

ጎጃም፣ አምበር ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ፈጣሪውን፣ ቀጥሎ አያ ይስማውን አምኖ ነው የሚገዛው። ይስማው የከብት ደላላ ነው። የበሬውን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል፣ ጭራውን ይጎትታል፣ ሻኛውን በመዳፉ ይመታና «ሞፈሩ ይሰበራል እንጂ ይህ በሬ አይሰበርም» ይላል። ነገሩ በዚህ ያልቃል። ሌላ ደላላ ይህን ቢል ገዢው ይስቅበት ነበር። በይስማው ግን ማንም አይስቅም፤ ይስማው አንበሳ ገድሏላ። የአንበሳ አፍ ያየ ሰው በበሬ ጥርስ አይሳሳትም ይባላል። ለምን እንደማይሳሳት የጠየቀ የለም።

አንበሳዋን የገደለው ገና አዲስ ሙሽራ ሳለ፣ ከደጀን በታች ዓባይ በረሃ ወርዶ ከብት ሲነዳ ነው። ግልገሎቿን የታቀፈች አራስ አንበሳ ከቁጥቋጦ ዘላ ወጣችበት። እሱም በግራ እጁ ጎፈሯን ጨብጦ በቀኙ በጩቤ ወጋት። ማስረጃው ግራ ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ቆዳውንስ ጎርፍ ወሰደው። አምበር ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ቆዳውን ደግሞ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ይስማው ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ ይነሣል፦

ገዳይ በበረሃ ገዳይ በደጋ፣
የአራስ አንበሳ ጎፈር የሚያላጋ።

«ጎፈር» ላይ ሲደርስ ግራ እጁን አየር ላይ ይጨብጣል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ለስላሳው ብርንዶ ወደ እሱ ይዞራል። ታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው የሚል ጽሑፍ አንድ ሰሞን በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር። አምበር ላይ ሰፊው ሕዝብ ታሪክ ሲሠራ የታየው በሠርግ ዳስ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ጠላው ከተደገመ በኋላ። ግልገል የታቀፈች አንበሳ ጎፈር ከየት አመጣች ብሎ ያሰበ አንድም ንቁ ዜጋ አልተገኘም። አንበሳ ያየ ሰው ስላልነበረ በዚህ አይፈረድባቸውም።

የይስማው ሚስት ሥራነሽ ትባላለች። የገዳይ ሚስት ናትና ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ እናት ጎን ትቀመጣለች። ከአንበሳዋ የደረሳት ይኸው ነው። ዝምተኛ ናት፤ ባሏ ሲፎክር ወደ ምንጣፉ ታያለች።

ልጃቸው የኔአለም ኬንያ አገር፣ ሞምባሳ ላይ ከባሏ ከአንተነህ ጋር ምግብ ቤት ከፍታ ትኖራለች። የኬንያ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ትኬት ላከችላቸው። «ባሕር ታያላችሁ፣ አራዊትም ታያላችሁ» አለቻቸው በስልክ።

«አራዊቱን እንኳ እንተዋወቃለን» አለ ይስማው።

ወሬው ገበያ ላይ ሲሰማ ሌላው ደላላ ገዳሙ ቀረብ አለ። ገዳሙ በይስማው ጥላ ሥር ሲደልል የኖረ ሰው ነው፤ ጥላ ደግሞ ሰውን ያከሳል። «አያ ይስማው» አለው፣ «ስምህን ሰምተው እንዳይበረግጉ ቀስ ብለህ ግባባቸው።»

ገበያው ሳቀ። ይስማውም በጥርሱ ሳቀና፣ «በጥር፣ በባለ ወፍጮው በዘመነ ልጅ ሠርግ፣ ያየሁትን እነግርሃለሁ» አለ። ያን ቃል ባይሰጥ ይሻለው ነበር።

ሞምባሳ በደረሱ በሳምንቱ አንተነህ መኪና ተከራይቶ ጻቮ ወደሚባለው የአራዊት ፓርክ ወሰዳቸው። የመኪናው ጣሪያ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሰው ቆሞ ያያል። ቀይ አቧራ የለበሱ ዝሆኖች መንገዱን ሲያቋርጡ ይስማው ከልማዱ አልወጣም፤ ጥርሳቸውን አየና «እነዚህስ አርጅተዋል» አለ። የሜዳ አህያ ሲያይ ደግሞ፣ «ጭነት የማትችል አህያ ጌጥ ምን ይሠራላታል» አለ። አንተነህ ሁሉን በስልኩ ይቀርጻል። የዚህ ዘመን ሰው በዓይኑ ያየውን አያምንም፤ በስልኩ ካላየው።

ከአንድ ግራር ሥር ሾፌሩ መኪናውን አቆመና በጣቱ አሳየ። የደረቀ ሣር የመሰለች፣ ራሷ ልሙጥ የሆነ አውሬ ተጋድማለች። ደረቷ ላይ ሦስት ግልገሎች ይርመሰመሳሉ።

«አንበሳ ናት አባ» አለች የኔአለም።

ይስማው አያትና ፈገግ አለ። «ይህቺ ገና ልጅ ናት። ታናናሾቿን እየጠበቀች ነው። ቆዩ፣ እናቲቱ ጎፈሯን ነስንሳ ትመጣለች።»

አንተነህ ይህን ለሾፌሩ በስዋሂሊ ነገረው። ሾፌሩ ሳቀ፣ ሳቁን ለመዋጥም ሞከረ። ከዚያ ረጋ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ ይስማው።

«እናቲቱ ራሷ ናት አለ፣ አባባ። ሴት አንበሳ ጎፈር የላትም አለ። ወንዱ ብቻ ነው የሚያበቅለው።»

የኔአለም የአባቷን ግራ እጅ አየችው። ያ እጅ በልጅነቷ ስንት ጊዜ አየር ላይ ሲጨብጥ አይታዋለች። አሁን የመኪናውን ብረት ይዟል። አንተነህ ነገሩ ዘግይቶ ገባው፤ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ግን ዘግይቷል። መቅረጹን ቀርጿል፤ ሲመሽም እንደ ልማዱ ደብረ ማርቆስ ላለው ወንድሙ ላከው። ልማድ ከክፋት የባሰ ነው።

ጥቂት እንደ ሄዱ ውሃ ዳር ሌላ አንበሳ ተነሥቶ ወደ መኪናው መጣ። ይስማው የጫማው ክር ተፈታበትና ጎንበስ አለ። ክሩን ሲያስር አውሬው በመስኮቱ ሥር አለፈ፤ ሲያስር ቆየ፤ አውሬው ከዓይን ሲጠፋ አስሮ ጨረሰ። ሥራነሽ ግን በተከፈተው ጣሪያ ብቅ ብላ ከፊቱ እስከ ጭራው ሥር አየችው። ሾፌሩ እያሳያት ሲናገር፣ አንተነህ እየተረጎመላት ራሷን ነቀነቀች። ይስማው ከታች ሆኖ ምን እንደተባለ አልሰማም።

በማግስቱ ባሕር ወረዱ። ይስማው አሸዋው ላይ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። «ማዶው የት ነው?»

«ማዶው ሕንድ ነው፣ አይታይም» አለችው የኔአለም።

ማዶው የማይታይ ውሃ ለጎጃም ሰው ስድብ ነው። ዓባይን የሚያህል ዓባይ እንኳ ማዶ አለው። ይስማው ጫማውንና ዱላውን ውሃው ጠርዝ ላይ ደርድሮ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ወደ ዘንባባው ጥላ ምሳ ሊበላ ሄደ። ጫማውን ማን ይነካዋል? ወንዝ ዳር ያስቀመጡት ዕቃ ደመና ካልጠቆረ ጎርፍ አይመጣበትም፤ ሰማዩ ደግሞ ጥርት ብሏል። ይህ ዕድሜ ልኩን ያገለገለው እውቀት ነው። በልቶ ሲመለስ ባሕሩ ያለ ዝናብ፣ ያለ ደመና ወደ ላይ መጥቶ ቆይቶታል። ጫማ የለም፣ ዱላ የለም። ዳርቻው ላይ ያለ የሆቴል ዘበኛ፣ በየኔአለም አስተርጓሚነት፣ ባሕሩ በየቀኑ እንዲህ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ሲነግረው፣ «ታዲያ አንድ ሰው አይናገርም?» አለ።

ሥራነሽ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ገባች። ማዕበሉ ሲመታት ተንገዳገደች፣ ሳቀች፣ ደግማ ገባች። ባሏ በባዶ እግሩ ዳር ቆሞ «ውጪ አንቺ ሴትዮ» እያለ ተጣራ። ከውሃው ስትወጣ አንዲት ጦጣ ከአገር ያመጡትን የዳቦ ቆሎ ከረጢት ይዛ ግንድ ላይ ስትወጣ አየች። ሥራነሽ የማሽላ ማሳ ስትጠብቅ ያደገች የቆላ ጠርዝ ልጅ ናት፤ ዝንጀሮና ጦጣ አዲስ አይሆንባትም። የወደቀ የኮኮናት ቅርፊት አንሥታ ወረወረች። ጦጣዋ ከረጢቱን ጥላ ሸሸች። እዚያ የነበሩ ነጭ ቱሪስቶች አጨበጨቡ። ለይስማው ማንም አላጨበጨበም።

ባልና ሚስቱ ጥላው ሥር ተቀመጡ። የቀሚሷ ጫፍ ጨው እያንጠባጠበ ነው።

«አምበር ስንገባ የመኪናውን ነገር አታንሺ» አላት፣ ባሕሩን እያየ።

«የቱን ነገር?»

«የጎፈሩን።»

ሥራነሽ ዳቦ ቆሎውን ከአሸዋ አራገፈች። «ያን ክንድ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከውስጡ የግራር እሾህ የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ተናግሬ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«እና አሁን ምን አስፈራህ?»

«እስከ ዛሬ የጠየቀሽ ሰው የለማ። ገዳሙ ይጠይቃል። ዝም በይ እንግዲህ።»

«ሳልጠየቅ አላወራም። ከጠየቁኝ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። አልዋሽም።»

ይስማው የቀረውን ጊዜ በዚህ ቃል ላይ ተኝቶ ሳይተኛ ከረመ። አንዲት ጫማውን ማዕበል መልሶ ከጣላት በኋላ እንኳ አልተደሰተባትም።

በጥር ዘመነ ልጁን ዳረ። ዘመነ የአምበር ባለ ወፍጮ ነው፤ ዳሱ እስከ አውራ ጎዳናው ደረሰ። ከሉማሜም ከደጀንም ሰው መጣ። ሥራነሽ እንደ ወጓ ከሙሽራዋ እናት ጎን ተቀመጠች። ብርንዶው ከመቆረጡ በፊት ዘመነ «አያ ይስማው፣ ተነሥ እንጂ» አለ። ይስማው ተነሣ፣ ጋቢውን ጣለ፣ «ገዳይ በበረሃ ገዳይ በደጋ» አለና ከጎፈሩ ስንኝ በፊት ቆመ።

ገዳሙ ይህችን ነበር የሚጠብቃት። ስልኩን ከፍ አድርጎ ከፈተ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፦ ቆዩ፣ እናቲቱ ጎፈሯን ነስንሳ ትመጣለች። ቀጥሎ የሾፌሩ ሳቅ። ቀጥሎ የአንተነህ ትርጉም። ደብረ ማርቆስ የገባ ነገር አምበር ለመድረስ አውቶቡስ አያስፈልገውም።

«አያ ይስማው» አለ ገዳሙ፣ ማር በተቀባ አንደበት፣ «አራስ አንበሳ ጎፈር ከሌላት፣ ያኔ የማንን ጎፈር ነው የጨበጥከው?»

ለዓመታት በዚህ ሰው ምስክርነት በሬ የገዙ ገበሬዎች እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ በረቱ ውስጥ ያለውን በሬ አሰበ። ይስማው ወደ ሴቶቹ በኩል አየ፤ ካየም በኋላ እንዳላየ ሆነ።

«እትዬ ሥራነሽ አብረሽ ነበርሽ» አለ ገዳሙ፣ ነገሩን ሊቸነክር። «ውሸት ነው እንዴ?»

ሥራነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ስልክህ ያሳየው እውነት ነው። ያቺ ጎፈር የላትም።»

ይስማው ቁጭ አለ።

«ስልክህ ያላየውን ግን እኔ አይቻለሁ» አለች። «ከእሷ ቀጥሎ አንድ ወንድ መጣ። በመኪናው ሥር ነው ያለፈው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ጎፈር የሚባል ነገር አልነበረውም። ለቅሶ እንደ ተቀመጠች ሴት ራሱ ልጭት ነው። በዚያ አገር እሾሁና ሙቀቱ ስለሚበዛ ወንዱም መላጣ ሆኖ ይቀራል አሉን።»

«ወንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለ ገዳሙ።

«እኔ የደላላ ሚስት ነኝ። አንተ ኮርማና ላም የምትለየው በጠጉሩ ነው?»

ሳቁ ከወንዶቹ በኩል ተነሥቶ ሴቶቹን አዳረሰ። ገዳሙ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሥራነሽ ግን አልጨረሰችም። «ወንዱ ያለ ጎፈር የሚዞርበት አገር ካለ፣ ሴቷ ጎፈር አብቅላ የምትዞርበት በረሃ የለም ያለህ ማን ነው? አንተ ዓባይ ወርደህ አይተህ ታውቃለህ?»

ገዳሙ ከደጀን በታች ወርዶ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል። አምበር በአንድ ድምፅ ለሥራነሽ ፈረደ፤ ማስረጃውን ስለመረመረ አይደለም። ይስማው ውሸታም ከሆነ ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞኝ ነበር ማለት ነው፤ በራሱ ላይ ደግሞ ማንም አይፈርድም። ሴትዮዋም የዋሸችው ነገር የለም። ያየችውን ተናገረች፣ ያላየችውን ጠየቀች።

«እስኪ እትዬ ሥራነሽ፣ ባሕሩስ?» አለ ዘመነ።

ሥራነሽ ቆማ ነገረቻቸው። ማዶ የሌለውን ውሃ፣ ያለ ደመና የሚመጣውን ጎርፍ፣ የጦጣዋን ነገር። የባሏ ጫማና ዱላ ላይ ስትደርስ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ይስማውም አብሮ ሳቀ፣ ምን አማራጭ አለው። ለስላሳው ብርንዶ በዚያ ቀን ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ።

ይስማው ዛሬም ከብት ይደልላል፣ ዛሬም ሠርግ ላይ ይፎክራል። «የአራስ አንበሳ» ካለ በኋላ ግን ግራ እጁን እንዳነሣ ይቆምና ወደ ሴቶቹ ያያል። ሥራነሽ ራሷን ስትነቀንቅ ይጨብጣል። በፋሲካ ማግስት ሉማሜ በነበረ ሠርግ ላይ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር ወሬ ይዛ ረሳችው። እጁ አየር ላይ እንደ ተከፈተ ቆመ፣ ቆመ፤ ሰዎች ምን ነካው ማለት ሲጀምሩ ነው ቀና ብላ ራሷን የነቀነቀችለት።