ድጋፍ የተቋረጠበት ጎተራ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ በእኔ የስፌት መኪና ያላለፈ ሱሪ ካለ ባለቤቱ ወይ ከደሴ ገዝቶታል ወይ ሰርቆታል። ሃምሳን እያንኳኳሁ ስልክ ላይ ተደፍቼ ስተኩስ ያዩኝ ሰዎች "ይሄ ሰውዬ ለየለት" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ይበሉ። እኔ የምተኩሰው እህቴን ለማናገር ነው።

እህቴ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። አረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሰው ቤት ልጅ ትጠብቃለች። ማዳሟ የእጅ ስልኳን ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በወር አንዴ፣ ማዳም ደስ ካላት፣ አጠገቧ ቆማ ታስደውላታለች። እንዲህ ባለ ስልክ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ከማለት በቀር ምን ይወራል? አንድ ቀን ግን በዚያው ስልክ መሃል፣ ማዳም አማርኛ እንደማትሰማ ተማምና፣ የአንድ ጨዋታና የአንድ ተጫዋች ስም ጣል አደረገችልኝ። የምትጠብቃት ልጅ በታብሌት የምትጫወተው ጨዋታ ነው። "ከዙህር ስግደት በኋላ ማዳም ትተኛለች። ልጅቷም ትንሽ ተኩሳ እንቅልፍ ይጥላታል። ግባና ፈልገኝ" አለችኝ። የልጅቷ አባት መጻጻፉን ቆልፎታል፤ ድምፁን ግን ረስቶታል። አላህ ይስጠው፤ ከሚያስታውስ ክፉ የሚረሳ ክፉ ይሻላል።

ጨዋታው ከዓለም ዙሪያ የተጠራራ ሰው አንድ ደሴት ላይ ወርዶ አንድ እስኪቀር የሚጨራረስበት ነው። እዚያ እኔ የምሞተው ገና ከአውሮፕላን ሳልወርድ ነበር። ደግነቱ ሌላ ሞድ ነበረው፣ ሌላ ዓይነት አጨዋወት ማለት ነው፦ ሁለት ሰው ብቻውን ገብቶ በሩን ይዘጋና፣ አንድ ክብ ቤት ከሚመጣበት የጠላት መንጋ ይጠብቃል። ቤቱ ጎተራ ይመስላል፤ ስሙም በእኛ ዘንድ ጎተራው ሆኖ ቀረ። ጠላቱ ሰው አይደለም፣ ማሽኑ ራሱ የሚፈጥረው ነው፤ ማዕበል በማዕበል ይመጣል። በማዕበልና በማዕበል መካከል ግን ፀጥታ አለ፤ ወሬያችንን የምናወራው ያኔ ነበር።

በዚህ ዘመን በእኛ አገር ተኩስ በቀልድ የሚሰማ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የስልኩን ድምፅ ለቅቄ ጎተራውን ስጠብቅ፣ በበረንዳዬ በኩል የሚያልፉ ሦስት ሰዎች መሬት ላይ ተኙ፤ አንደኛው ከነዶሮው። ከዚያ ወዲህ በማዳመጫ ሆነ፤ አንዱን ጆሮ እኔ፣ አንዱን እናቴ።

"እማ፣ ድምፄ ይሰማሻል?" አለች እህቴ።

"ይሰማኛል ልጄ። ይሄ የሚንጣጣው ምንድን ነው?"

"ጠላት ነው እማ።"

"ያ ረቢ! አንቺስ እዚያ መሃል ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየገደልኩት ነው።"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። "ልጅ ልትጠብቅ አልነበር እንዴ የሄደችው?"

እህቴ እየሳቀች ወሬዋን ወደኔ አዞረች። "ወንድምዓለም፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታሾልክ ሰውዬ ይሄን የሚያህል ጠላት ትስታለህ?"

"ጠላቱ ቢቆምልኝ እለካዋለሁ" አልኳት።

አንድ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ እንዲህ ኖርን። እናቴም ከተኩሱ ጋር ተለማመደች፤ ማዕበሉ ሲበረታ "አብሽሩ" ትለን ጀመር።

አንድ ቀን እህቴ ስትገባ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። "ኮንትራቴ አልቋል" አለችኝ። "ማዳም ፓስፖርቴን አልሰጥም አለች። ያሰብኩት አንድ ነገር አለ፤ አንተ ካላወቅከው አላደርገውም። ነገ እነግርሃለሁ፣ አሁን ነቅታለች መሰለኝ።"

በነጋታው ጎተራው አልከፈት አለ። ስነካው ይሽከረከርና ይተፋኛል። በላዩ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ጎረቤቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን ከእኔ ይበልጥ "ወላሂ" የሚል ሰው ነው።

"ወላሂ መጥፎ ነው" አለ አንብቦ። "ለዚህ ሞድ የሚሰጠው ድጋፍ ተቋርጧል ይላል። አልዘጉትም፤ ግን ከእንግዲህ አይጠግኑትም። ዋናውን ጨዋታ ባደሱ ቁጥር ይሄኛው እየተበላሸ ይሄዳል። ሰው ስለማይገባበት ነው የተዉት።"

"እንዴት ሰው አይገባበትም? እኔና እህቴ አለን አይደል?"

"ሁለት ናችኋ።"

"ታዲያ ድጋፉ እንዲቀጥል ምን ይደረግ?"

"መጠየቅ ነው እንጂ ምን ይደረጋል።"

አስተማሪው "መጠየቅ" ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። እኔ የማውቀው መጠየቂያ አንድ ነው። በአገራችን ቆጣሪ ለማስገባትም፣ ልጅ ለማስመዝገብም፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያሻል። ሰው ሞቶ የሰማይ በር ላይ ሲደርስ እንኳ መጀመሪያ "የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሃል?" ሳይባል አይቀርም። ስለዚህ በማግስቱ ማልጄ ቀበሌ ተገኘሁ።

"ድጋፍ ተቋርጦብን ነው" አልኳት ጸሐፊዋን።

"ስንዴው ነው ዘይቱ?"

"ሞዱ ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ በጠዋቱ ሞድ ሊይዙብኝ ነው የመጡት?"

በከተማ ልጅ አፍ ሞድ መያዝ ማላገጥ ነው። እኔ ደግሞ በማላገጥ የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ፤ ከዚህ በፊት ለዚህችው ልጅ አንድ ጅብ ግብር ሊከፍል ተሰልፏል ብዬ አስወጥቻታለሁ። ግማሽ ቀን አስረዳኋት። ከነገርኳት ሁሉ የገባት "ድጋፍ" እና "ተቋርጧል" የሚለው ብቻ ይመስለኛል። ቢሆንም ጻፈችልኝ፦ ጉዳዩ፣ የተቋረጠ ድጋፍ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ። ግለሰቡ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆናቸውን እየገለጽን፣ ሲሰጣቸው የነበረው ድጋፍ ያለ በቂ ምክንያት የተቋረጠባቸው ስለሆነ፣ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግላቸው እንጠይቃለን። ስለ ጨዋታ አንድ ቃል የለበትም። ክብ ማህተም ግን አለበት፤ ጥርት ያለ፣ ጽጌረዳ የመሰለ ማህተም።

አስተማሪው አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አየና "ቆይ፣ ይሄ ሊሠራ ይችላል" አለኝ። "የጨዋታው ሠሪዎች የሚፈሩት ብዛት ነው። ሰው አስፈርምበት።"

ከስፌት መኪናዬ ጎን ወረቀት ዘረጋሁ። መጀመሪያ ወዳጆቼ ፈረሙ። ከዚያ "ልብስ ሰፊው ጋ የድጋፍ ምዝገባ አለ" የሚል ወሬ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም። ግን አልመለስኩትምም። በገበያው ቀን ከወረኢሉ እስከ አባይ ያለ አውራ ጣት ሁሉ በረንዳዬ ላይ የተሰለፈ ይመስል ነበር። ከከላላ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ተራቸው ደርሶ ፊቴ ቆሙ።

"ስንት ነፍስ ልበልህ ልጄ? የሙት ልጆችም ይቆጠራሉ?"

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ እኮ ለዚህ ነበር የተፈጠረው፣ ሌላ ቀን ሰባት ጊዜ የሚዞር ምላስ። "አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ ያሳርፉ እናቴ" አልኳቸው። አሳረፉና ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

አስተማሪው ወረቀቱን ሁሉ ፎቶ አነሳ፤ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ተረጎመና ተጫዋቾች አቤት በሚሉበት ገጽ ላይ ለጠፈው። የዓለም ተጫዋች ሳቀብን። ማህተማችንን እየቆረጡ በጨዋታው ጀግኖች ግንባር ላይ ለጠፉት። የአውራ ጣት ወረቀቱን ግን ሲያዩ "እነዚህ ሁሉ ሰዎች ጎተራውን ይጫወቱ ነበር?" ብለው ተገረሙ፤ እልህ ያዛቸውና እነሱም ይፈርሙ ጀመር። ሁለት ወር ያህል አለፈ። በዚህ መሃል ማዳም እህቴን አንዴም አላስደወለቻትም። እናቴ በየቀኑ ከዙህር በኋላ መጥታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር፤ ምንም የሌለበትን ማዳመጫ።

ከዚያ ጎተራው ተከፈተ። የጨዋታው ሠሪዎች መልስ ጽፈው ነበር፤ አስተማሪው በረንዳዬ ላይ ቆሞ አነበበልኝ፦ የማኅበረሰባችንን ድምፅ ሰምተናል፣ ድጋፉ ተመልሷል። እኔ እንደ እብድ ተነሳሁ። "ተመለሰ! ድጋፉ ተመለሰ!" ብዬ ጮህኩ። የገበያ ቀን ነበር።

ከቀትር በፊት ሰው ጆንያ ይዞ መጣ።

ምን ልበል? ስልኩን አሳየኋቸው። ክቡን ቤት፣ ጠላቱን፣ ጠመንጃውን አሳየኋቸው። አንድ ሰውዬ ሰደበኝ፤ ስድቡ ልክ ነበር፣ ይገባኛል። የከላላዋ አሮጊት ጆንያቸውን በአራት አጥፈው ክንዳቸው ሥር አደረጉ። "አብሽር፣ ቀልደኛ መሆንህን ነግረውኝ ነበር" አሉና ሄዱ። እሳቸውም ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ጸሐፊዋ በዚያው ሳምንት በስብሰባ ላይ እንድትቆም ተደርጋ ተገመገመች።

በአራተኛው ቀን እህቴ ገባች። በጨዋታው ውስጥ የምታንቀሳቅሰው ሰው፣ ሰማያዊ ቆብ ያደረገው፣ ጎተራው በር ላይ ብቅ ሲል እናቴ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ያዘችው።

"እማ መጥታለች፣ ተናገሪ!" አልኩ። እናቴ ተናገረች። መልስ የለም። እኔም ጮህኩ፣ መልስ የለም። አስተማሪውን ጠራሁት። ጽሑፉን እንደገና ቢያየው ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ በደስታችን መሃል ሳይነበብ የቀረ። ለተጫዋቾች ደኅንነት ሲባል መነጋገሪያው ተነስቷል፤ በምትኩ ሲነኩ የሚናገሩ ስድስት ቁልፎች ተሰጥተዋል። ድምፃችሁን ሰምተናል አሉና ድምፃችንን ወሰዱት። አስተማሪው ቁልፎቹን ተረጎመልኝ፦ ተከተለኝ፤ ጥይት አልቆብኛል፤ ወደ ኋላ፤ እርዳታ እፈልጋለሁ፤ አመሰግናለሁ፤ በርታ።

ማዕበሉ መጣ። በማዳመጫው የሆነ ጎርናና የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተናገረ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለች እናቴ።

"እሷ ናት።"

"ምን እያለች ነው?"

"እርዳታ እፈልጋለሁ እያለች ነው። ጠላት ስለከበባት ነው እማ፣ ጨዋታው ነው" አልኳት። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፣ አብረን ጨረስናቸው። ፀጥታው መጣ፤ ድሮ የምናወራበት ፀጥታ። ጠላት የለም። ባለ ሰማያዊ ቆቡ ወደኔ ዞረና ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ጎርናናው ድምፅ እንደገና መጣ። እርዳታ እፈልጋለሁ። ሳቅሁ፤ ሞድ እየያዘችብኝ ነው አልኩ፤ እኛ ቤት ያለ ቀልድ የሚገባ ሰላምታ እንኳ የለም። እርዳታ እፈልጋለሁ። እርዳታ እፈልጋለሁ። እርዳታ እፈልጋለሁ። ሌላ ማዕበል እስኪመጣ ድረስ ቆጠርኩት፤ ሲመጣም ጥይት አልተኮሰችም። እኔ ምን ልመልስላት? "በርታ" የሚለውን ነካሁ። ያንን በመንካቴ እስካሁን ጣቴን እጠላዋለሁ።

ውጭ አገር ያሉ ሠራተኞችን ጉዳይ ወደሚያይ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት አዳመጠኝና "ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለኝ። ወደ ጸሐፊዋ ተመለስኩ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ ጆንያ ይዘው ከመጡት ውስጥ ሁለቱን አየኋቸው።

"እህቴ ችግር ላይ ናት። እርዳታ እፈልጋለሁ ብላኛለች" አልኩ።

"ደውላልዎት ነው?"

"አይ። በጎተራው ነው።"

እስክሪብቶዋን አልጨበጠችም። "ድምፅዋን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ። ማለቴ፣ ድምፁ የእሷ አይደለም።"

"የማነው?"

"የወንድ ነው። እንግሊዛዊ ይመስላል።"

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችን ከተማ ሳስቅ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን አስቄያት አላውቅም። ጸሐፊዋ ግን አልሳቀችም። "ጋሼ፣ በእርስዎ ምክንያት አንዴ ተገምግሜያለሁ" አለችኝ በቀስታ። "ለእኔም ይዘኑልኝ።" የወለሉን ሲሚንቶ እያየሁ፣ እውነት እንደሆነ በአላህ ማልኩላት። ለጅቡም ምዬላት ነበር።

ወደ በረንዳዬ ስመለስ እናቴ ወንበሯ ላይ ናት።

"ደብዳቤውን ሰጡህ?"

"ነገ ና ብለውኛል።"

"እሺ። ዙህር ተሰግዷል፣ ክፈተው" አለችኝና ማዳመጫዋን አነሳች። "ዛሬ ደግሞ 'ተከተለኝ' የሚለውን እንዳትነካ። ወዴት ብላ ትከተልሃለች?"