የሽማግሌው ሕግ

የመንጃ ፈቃድ ማደሻው መስኮት ላይ የምትሠራው ጸሐፊ መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው። ሽማግሌው የሕጉን ቅጂ ሊያነቡላት ሲሉ አፍንጫቸው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጉንጫቸው ላይ ግን ምላጭ የሳተው ጢም ቀርቷል።

«ይኸው፣ ‹ለሥራ የሚያሽከረክር› ይላል። እኔ ሚስቴን ለኩላሊት እጥበት ነው የማመላልሰው። ይሄ ሥራ ነው እንዴ? ፈቃድ አያስፈልገኝም!»

«አባባ፣ መኪና የሚነዳ ሁሉ ያስፈልገዋል።»

«አርባ ዓመት የነዳሁት በእጄ በእግሬ ነው፤ በወረቀት መሰለሽ?»

«ጠበቃ ይሁኑ አባባ፣ ሹፌርነቱ ይቅርብዎ!» አለ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው።

ሽማግሌው አልሳቁም። «እንግዲያው ፈትኚኝ» አሏት።

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ጠቆመቻቸው። ደረታቸውን ነፍተው፣ ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፉ ፊደሎቹን አነበነቡ። ጸሐፊዋ በድንጋጤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያነበነቡት ግድግዳው ላይ ያለውን ሳይሆን ባለፈው ወር በገዛ እጇ ያወረደችውን አሮጌውን ሰሌዳ ነበር።

«አንድም አልሳትኩ፣ አይደል ልጄ? ነገ እኮ እጥበቷ ነው።»

ልትዋሽላቸው ማህተሙን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ማህተም ያላረፈበትን የማደሻ ቅጽ መለሰችላቸው።

ሽማግሌው ቅጹን ከሕጉ ጋር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በሌላው የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ወጡ።