መርዶ ጭኖ ቫልን መሻገር

ከጆበርግ ወጥቶ፣ የቫልን ወንዝ ተሻግሮ፣ በበቆሎ ማሳ መሃል መንዳት የሚያስደስተው ሰው ካለ ይምጣና መንጃ ፈቃዴን ይውሰደው። መንገዱ አይታጠፍም፣ አይወጣም፣ አይወርድም። ግራ በቆሎ፣ ቀኝ በቆሎ፣ ከፊት ደግሞ እህል የጫነ ተሳቢ። በሩቅ አንድ ትልቅ የእህል ጎተራ ይታያል፤ ግማሽ ሰዓት ተነድቶም ጎተራው እዚያው ነው።

ሥራዬ ከጀፕ፣ የአገሬ ሰው ከሚነግድበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ የጅምላ ዕቃ በባኪዬ፣ ማለትም በፒካፕ መኪናዬ፣ ጭኜ ገጠር ላሉ ሱቆች ማድረስ ስለሆነ፣ ይህን መንገድ በወር ሁለት ጊዜ እረግመዋለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ዕቃ አልጫንኩም። ከጎኔ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ ጀፕ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ተቀምጠዋል። ከቫል ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ብቻውን ሱቅ የሚሠራ አንድ የሆሳዕና ሰው አለ፤ ደንበኛዬ ነው። እናቱ አርፈው ተቀብረዋል። እሱ አልሰማም ተብሎ መርዶውን ልንነግረው መሄዳችን ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ወንድሙ ከአገር ቤት ደውሎ፣ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆንብን፣ ሰው ባለበት ይስማ ብሎ ለዕድሩ አደራ ጥሏል። መርዶ ደግሞ ወጉ በማለዳ ነው። ስለዚህ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ልንነሳ ተቀጣጠርን። ጋሼ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ብቅ አሉ። ከተማውን ልንወጣ ስንል እትዬ ጥቁር ነጠላቸውን እንደረሱ ትዝ አላቸውና ቤሪያ ወዳለው ቤታቸው ተመለስን። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው መንገድ የጀመርነው።

ክርክሩ የተጀመረው ቶል ጌቱ ላይ የመንገዱን ስከፍል ነው።

«መጀመሪያ ምሳውን ይብላ» አሉ ጋሼ። «ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም።»

«አብልቶ ማርዳት ምን የሚሉት ነው? ነውር ነው!» አሉ እትዬ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። እሱ ነበር። መኪናው ውስጥ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«እህቴ፣ የት ደረስሽ?»

ዕቃ ላመጣልህ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እየመጣሁ ነው ብዬ ዘጋሁት። ወንዙን እንደተሻገርን ደግሞ ደወለ። ሰው ለዘይትና ለስኳር እንዲህ ይጣደፋል? ጋሼ በመስኮት ማሳውን እያዩ ይህ ስንት ጥማድ ይሆናል ይሉኛል፤ እትዬ መርዶውን ማን ይጀምር የሚለውን እንደገና ያነሳሉ። ተሳቢውን ልቀድም ወጣ ስል ጋሼ የበሩን እጀታ ጨብጠው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝ።

«ቸኩዬ ነው እንዴ ጋሼ የማለዳውን መርዶ በአምስት ሰዓት የማደርሰው?»

ጥቂት እንደሄድን መንገድ ጠጋኞች በቀይ ባንዲራ አስቆሙን። ከወዲያ የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ ሞተር አጥፍተን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ሃያ አምስት ደቂቃ! ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዕቃህ የትም አይሄድብህም! እባክህ ልንዳበት!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ፤ ሐዘንተኛ እኮ ነው» አሉ ጋሼ።

«እሱ መቼ አወቀና ነው ሐዘንተኛ የሚሆነው?» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሰዓት ለሟችም ለቋሚም ያዘንኩ አይመስለኝም። ወገቤን አሞኛል፣ የቅዳሜ ገበያዬ ቀርቷል።

ስንደርስ የሱቁ የብረት በር ተዘግቷል። ቅዳሜ፣ ለዚያውም የወር መጨረሻ! በሩ ፊት ለፊት ጥላው ላይ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ነበር። የባኪዬን ጀርባ ዘወር ብሎም አላየው፤ ያየው ከመኪናው የሚወርዱትን ሁለቱን ሰዎች ነው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ…» ብለው መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት የመጡትን ጀመሩ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ። «ሐሙስ ነው የሰማሁት። አንድ የሰፈራችን ልጅ የእናቴን ፎቶ ነፍስ ይማር ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አየሁ።»

እትዬ «ውይ! ውይ ልጄን!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦና የሞባይል ካርድ ስሸጥ ነበር። ማልቀስ ፈልጌ በር ዘጋሁ፤ እምቢ አለኝ። ብቻዬን ለማን ላልቅስ?»

ከዚያ እትዬ አንገት ላይ ወደቀ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጋሼ ያዘጋጁትን ንግግር ትተው እንደ ሕፃን አብረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

በረድ ሲል ፊቱን እንዲታጠብ ውሃ አፈሰስኩለት። ንዴቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስትደውል ምነው ሰምቻለሁ አትለኝም? እኛ ውሸት ስንፈትል!»

ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

«የቅዳሜ ገበያሽን ትተሽ ዕቃ ላመጣልህ ነው ስትይኝ ለመርዶ እንደሆነ ገባኝ። ብነግርሽ ትመጪ ነበር?» አለኝ።

እንዴታ ልለው ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ቢነግረኝ ኖሮ በስልክ እግዜር ያጽናህ ብዬው፣ ቶል ጌቱ ጋ አዙሬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።