ሐጂ ካሜራ ፊት የቆሙበት ቤት

ገላን ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ሦስት ሆነን የቤት ድለላ እንሠራ ነበር። ሱቋን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ተጋርተን ስለያዝናት፣ ደንበኛ ስለ ቤቱ ሲያስረዳን ማሽኑ ከጎናችን እየጮኸ መስማት ያቅተን ነበር። እንደዚያም ሆኖ እወዳት ነበር። ዛሬ ጥፍር ቀለም የሚቀቡባት ቤት ሆናለች፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ውስጥ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

አንደኛውን ባልደረባችንን ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። መካ ሄደው አያውቁም። «ኧረ አልሄድኩም፣ ኃጢአት አታስገቡኝ» ሲሉ ኖረው፣ የሚሰማቸው ሲያጡ ተዉት። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው መኪናውን ትተው ወደ ድለላ ገቡ። ሁለተኛዋ ማርኬቲንግ ተምራ በትምህርቷ ሥራ ያጣች፣ ከኮዬ ፈጬ በሚኒባስ የምትመላለስ ልጅ ነበረች። እኔ በዕድሜም በጠባይም የሁለቱ መሃል ነበርኩ።

ልጅቷ ሥራዋ በሙሉ ስልኳ ውስጥ ነው። ቤት እዪ ሲሏት ቁልፍ ከመቀበሏ በፊት ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ትጠይቃለች። መጋረጃ ትገልጣለች፣ የተሰቀለ ልብስ ታነሳለች፣ ከዚያ ከበሩ ጀምራ እየዞረች ትቀርጻለች። ማታ ላይ ሙዚቃ ጨምራ ገጿ ላይ ትለቀዋለች። ጠዋት ሱቅ ስትገባ ስልኳ በመልእክት ጢም ብሎ ነው የሚጠብቃት፤ «ስንት ነው?» «የት ነው?» «ውሃ አለው?» የሚል መዓት።

ሐጂ ይህንን አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። «ቤት በመስታወት አይታይም» ይሏታል። መስታወት የሚሉት ስልኳን ነው። እሳቸው ገዢ ሲመጣ አብረው ሄደው ቧንቧ ይከፍታሉ፤ ግድግዳውን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ጎረቤት ጠርተው ሰላም ይላሉ። ከዚያ ገዢውን ወደ ጥግ ወስደው የቤቱን ጉድ በሹክሹክታ ይነግሩታል። ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ልጆቹ እንደሚረብሹ፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ። «ነገ ሌላ ሰው ከሚነግረው ዛሬ እኔ ልንገረው» ነበር የሚሉት። በዚህ የተነሳ የቀረባቸው ሽያጭ ብዙ ነው። ግን በእሳቸው በኩል ቤት የገዛ ሰው ወንድሙን፣ አማቱን ይዞ ይመለሳል።

እኔስ? እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ግን ከልቤ አልነበረም። ልጅቷ የለጠፍኩትን አይታ «ይሄ መታጠቢያ ቤት ነው ወይስ የጉድጓድ አፍ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሳይነታረኩ የሚውሉበት ቀን አልነበረም። ግን ሲነታረኩ መስማት ደስ ይል ነበር። ሐጂ «እነዚያ ጓደኞችሽ የሌላ ሰው ሳሎን ፎቶ ለጥፈው ሰው እየጠሩ አይደል?» ሲሏት፣ «ሐጂ፣ ውሸታም ደላላ እኮ ከስልክ በፊትም ነበር» ትላለች። እሳቸው ይስቃሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ነገሩ የተቀየረው በአንድ ደንበኛ ምክንያት ነው። ሐጂ ቤት ያከራዩት፣ በኋላም ያስገዙት ሰው ነበር። አንድ ቀን በሱቃችን በኩል ከሌላ ደላላ ጋር ሲያልፍ አዩትና ተነስተው ጠሩት። ሰውየው አቅፎ ሳማቸው። ለእህቱ ቤት እየፈለገ እንደሆነ ነገራቸው።

«ታዲያ እኔ ዘንድ አትመጣም?» አሉት።

ሰውየው ግራ ገባው። «ሐጂ፣ አሁንም ይሠራሉ እንዴ? ስልክ ላይ የትም አላይዎትም እኮ። የተዉት መስሎኝ ነው።»

ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ። በማግስቱ ልጅቷ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «እንግዲህ አንሺኝ» አሏት።

«ምን ላንሳዎት?»

«በመስታወትሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሙዚቃ የለም። ያልኩትንም አትቆርጪም። ቆርጠሽ ከጣልሽው ያው ውሸት ነው።»

ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ቀረጸቻቸው። ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ካሜራውን እንደ አንድ ገዢ አናገሩት። «ወንድሜ፣ ቤቱ ንጹህ ነው። ግን ደረጃው ያደክማል፣ አልዋሽህም። እናትህን ይዘህ የምትገባ ከሆነ ይቅርብህ።» ሰው ወደደው። እንዲህ ያለ ደላላ አለ እንዴ እያሉ ተቀባበሉት። በየምሽቱ ልጅቷ ኮሜንቱን ስታነብላቸው ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ «እስቲ ያንን ድገሚልኝ» ይላሉ። መንገድ ላይ ወጣቶች አብረዋቸው ፎቶ ይነሱ ጀመር። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስታችንም አንድ ነገር ያገኘን መስሎን ነበር።

ከዚያ የእማማ ቤት መጣ።

እማማ አቃቂ በሰቃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ባላቸው በባቡር ሥራ ኖረው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሐጂ ወጣት ሹፌር ሳሉ ከባቡር ጣቢያው ዕቃ ይጭኑ ስለነበር ከሟቹ ባል ጋር ጓደኛ ነበሩ። ክርስቲያንና እስላም ቢሆኑም በየበዓሉ ይጠራራሉ፤ ሐጂ የሚበሉት ለብቻ ይሠራላቸዋል። እማማ ቤታቸውን ሸጠው ከተማ ካለው ልጃቸው ጋር ለመኖር ሲወስኑ ሌላ ደላላ ጋ አልሄዱም።

ቤቱ አሮጌ ነው፤ ግቢው ግን ሰፊ ነበር። ከጓዳው ወደ ግቢ የሚያወርዱ የተሸራረፉ የድንጋይ ደረጃዎች አሉት። ልጅቷ ግቢውን እየዞረች «ሐጂ፣ ይሄማ በጣም አሪፍ ነው» አለች። እማማ በዕለቱ ቤት አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደው ቁልፉን ለጎረቤት ትተውልን ነበር። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ጥሩውንም መጥፎውንም ተናገሩ። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ የጓዳው በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ለምን ይሸጣል ትሉኝ ይሆናል። የፍርድ ቤት ጣጣ የለበትም፣ የወራሽ ጭቅጭቅ የለበትም። የቤቱ ባለቤት ዓይናቸው እየደከመ ነው። ይህንን ደረጃ መውረድ አስቸገራቸው። ሌላ ነገር የለውም።»

ልጅቷ ስልኩን አወረደች። «ሐጂ፣ ይህቺን ልቁረጣት እንዴ?»

«ለምን?»

«እንጃ። የራሳቸው ነገር ነው።»

«ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ይህን ካላወቀ ካርታው ችግር አለበት ብሎ ይፈራል። ለእሷም ይጠቅማል።»

እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ሐጂ ያሉት ልክ መስሎ ታየኝ። ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ለገዢ በጆሮው የሚሉትን ነው ያሉት። ልጅቷ ሳትቆርጥ ለቀቀችው።

እማማ ዓይናቸው መድከሙን ከሐጂ በቀር ለማንም ነግረው እንደማያውቁ የገባን በማግስቱ ነው። ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም። ቤቱን የሚሸጡት ብቸኝነት ሰልችቷቸው እንደሆነ ነበር የሚያስበው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ጓደኛው «ይሄ የእናትህ ቤት አይደል?» ብሎ ቪዲዮውን አሳየው። ከሰዓት በኋላ አቃቂ ደረሰ። ጎረቤቶች እንደነገሩን፣ እናቱን ቆጣ ብሎ ሲናገር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ተቀምጦ አለቀሰ። እማማ ቤታቸው ውስጥ የመጨረሻውን ማኅበር ደግሰው፣ ሰፈሩን ተሰናብተው ለመሄድ ነበር ሐሳባቸው። ተራቸው ቀርቦ ነበር። ልጃቸው ግን «እዚህ ብቻሽን አንድ ሌሊት አታድሪም» አለ። ማኅበሩ ለሌላ ሰው ተላለፈ።

ቪዲዮውን ልጅቷ በዚያው ቀን አጠፋችው። ግን ሌሎች ደላሎች ወስደውት የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ለጥፈውበታል። አንደኛው ሙዚቃ ጨምሮበት ነበር፤ ሐጂ «ዓይናቸው እየደከመ ነው» ሲሉ ማሲንቆ ይገባል። ሐጂ ቃሊቲ ድረስ ሄደው አንዱን ደላላ አጥፋው ብለው ለመኑት። «ኧረ ሐጂ፣ ፈታ ይበሉ። ስታር ሆነዋል እኮ» አላቸው።

እማማ ከመሄዳቸው በፊት ሐጂ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሄዱ ብቻዬን አልሄድም ብለው እኔን ወሰዱኝ። ዕቃው በከፊል ታስሮ ነበር። እማማ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ ገና ከበሩ ሲገቡ በአረማመዳቸው ለይተው፣ «ግባ፣ ሐጂ» አሉ።

ሐጂ አልተቀመጡም። «እህቴ፣ ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ክፉ አስበህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼህ እገላገል ነበር።»

«ለገዢ ሁሌ እንደምናገረው ነው የተናገርኩት።»

«ለአንድ ሰው ብትነግረው ምን ነበረበት?» አሉ እማማ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ እኮ በዚህ መንገድ ስሄድ ሰውን በድምፁ ለይቼ፣ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ እያልኩ ነበር። ማንም አላወቀብኝም። አሁን ብቅ ስል ዝም ይላሉ። ቀርበው እጄን ይይዙና 'እማማ፣ እኔ ማነኝ?' ይሉኛል። ሕፃን እንደሚፈትኑ። በክፋት አይደለም፣ አዝነው ነው። እኔ ግን ይህን ሳላይ ልሄድ ነበር የፈለግሁት። ላንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ።»

ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እማማ ጥቂት ቆይተው «ተቀመጥ እንጂ» አሏቸው፤ ሐጂ ተቀመጡ። ሌላ የተባለ ነገር አላስታውስም።

ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ። በጥሩ ዋጋ፣ ለጥሩ ሰዎች። ገዢው ውል ሊፈራረም ሲመጣ የሐጂን እጅ ጨብጦ፣ «እርስዎን በቪዲዮ አይቼ ነው ያመንኩት። እውነት የሚናገር ሰው ጠፍቷል» አላቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ የሚመጡት ቀን እየለዩ ሆነ። አንዴ ጉልበቴ ነው አሉ፣ አንዴ እንግዳ መጥቶብኝ ነው አሉ፤ ከዚያ ጨርሶ ቀሩ።

ልጅቷ ብዙ ጊዜ ተጸጽታለች። «እኔ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ዝም ብዬ መቁረጥ ነበረብኝ» ትል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትናደዳለች፤ «ስልኩ ምን አደረገ? ስልኩ የተባለውን ነው ያደረሰው» ትላለች። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሱቋ ሰፋችብን። የምትከራከረው ሰው ስታጣ ቪዲዮዎቿም ለዛቸውን አጡ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። አንድ ትልቅ ሪል እስቴት ለማርኬቲንግ ቀጠራትና ሄደች። አሁን ገና መሠረታቸው ያልወጣ ቤቶችን በኮምፒውተር ሥዕል ታስተዋውቃለች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሐጂ ነው።

ባለፈው ክረምት ሐጂ በድንገት ደወሉልኝና «እማማን ልንጠይቅ እንሂድ» አሉኝ። ልጃቸው ቤት ሄድን። አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ሐጂ በየወለሉ እያረፉ ወጡ። እማማ ከስተው ነበር፤ ግን ተደሰቱ። ሻይ ተጠጣ። ሁለቱ ስለ ባቡሩ አወሩ፣ ስለ ድሮ ጭነት አወሩ፣ ስለ ሟቹ ባል ቀልድ እያነሱ ሳቁ። ስለ ቤቱ ማንም አላነሳም። ስንወጣ እማማ በር ድረስ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና ሐጂን «እንዳትጠፋ» አሏቸው።

ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ በመስኮት ውጭውን ሲያዩ ቆዩ። ቃሊቲ አደባባይ ስንደርስ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ይቅር ያለችኝ ይመስልሃል?»

«ይመስለኛል፣ ሐጂ። እንዳትጠፋ አሉዎት እኮ።»

«እሱማ ድሮም ለሰው ሁሉ የምትለው ነው» አሉና ወራጅ አለ ብለው ረዳቱን ጠሩ። ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር። በእግሬ ልሂድ ብለው ነው የወረዱት፤ እኔም አብሬያቸው ልውረድ ብዬ ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።