ሦስት ጊዜ ያጎነበሰ ወንበር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። የወጋኝም እንዳይረሳ ፈለግኩ። ወንበሩን የሠራሁት ለዚህ ነው።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለችው ጌም ቤቴ ጥግ ላይ በብረት እግሩ ቆሟል። ከፊቱ ሰፊ ስክሪን፣ መሪና ፔዳሎች አሉት። ሰው ተቀምጦበት ስክሪኑ ላይ ያለችውን መኪና ሲነዳ፣ መኪናዋ የምትሆነውን ሁሉ ከሥር ያሉት ሞተሮች ለወንበሩ ያደርሱታል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ነገሩን የሚያውቁ ሲሙሌተር ይሉታል። ሚስቴ ጣውንቴ ትለዋለች።

ድሮ የሚኒባስ ሾፌር ነበርኩ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ እወጣለሁ፣ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ። ታች ሙዝ ከሚበስልበት ሙቀት ተነስቶ ላይ ጋቢ ወደሚያስደርብ ብርድ የሚወስድ፣ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው የሚቀበልበት መንገድ ነው። መኪናዋ የእኔ አልነበረችም፤ የሚዜዬ ነበረች። ሠርጌ ላይ ከጎኔ የቆመ፣ እሱም ድሮ ሾፌር የነበረ፣ በኋላ መኪና ገዝቶ ባለቤት የሆነ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

አንድ እሁድ መኪናዋን ራሱ ይዞ በዚያው መንገድ ላይ፣ ከጨንቻ በታች ወዳለችው ዶርዜ ሠርገኞች አድርሶ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጠኝ እንደ ልማዴ ጠየቅኩት።

"ፍሬኗ እንዴት ነው?"

"እንደ ድንጋይ ነው። ምን ነካህ?"

ረገጥኩት፤ እውነትም እንደ ድንጋይ ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት ተንኮሉ ይሄ ነው። ቀዝቅዞ ሳለ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይከዳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ ዳገት ላይም አይታወቅም። የሚታወቀው ከዶርዜ ወደ ታች ሲወረድ ብቻ ነው። እንደሚከዳ ቀድሞ ያወቀ ሾፌር ከኩርባው በፊት ፓምፕ ያደርገዋል፣ ማለትም ፔዳሉን ሁለቴ ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ይረግጠዋል፤ ያኔ ትንሽ ይይዝለታል። ያላወቀ አንዴ ይረግጥና ፔዳሉ ወለል ላይ ይተኛበታል።

እኔ አላወቅኩም። ከዶርዜ ቁልቁል ስወርድ ቀርከሃው ያለበት ኩርባ ላይ ስደርስ ረገጥኩ፤ እግሬ ባዶ ውስጥ ገባ። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የአፈር ግድግዳና የቀርከሃ ጫካ። የነበረኝ ጊዜ አንድ ነገር ለመምረጥ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ቀርከሃውን መረጥኩ። ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው የገባሁት፤ እያንዳንዱ ቀርከሃ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ማንም አልሞተም። እጁ የተሰበረ፣ ጎኑ የተጎዳ አለ፤ የእኔ ጉልበት ደቀቀ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሚዜዬ መናኸሪያ መሃል ቆሞ "አንቀላፍቶ ነው" አለ። የመኪናዋ አፍንጫ ከነፍሬን ቧንቧው ተጨረማምቶ ስለነበር ቃሉን የሚያፈርስ ነገር አልተገኘም። ተሳፋሪዎቹም ግማሾቹ ራሳቸው ተኝተው ነበር፤ ሰው ራሱ የሚያደርገውን ሌላውም ያደረገ ይመስለዋል። ክራንች ይዤ ስወጣ መናኸሪያ ውስጥ ስሜ "እንቅልፌ" ሆኖ ጠበቀኝ። ሚስቴ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ተሰማ። የሰው ነፍስ ጭኖ የሚተኛ ሾፌር ከሌባ ይከፋል። ያንን ስም ከላዬ ሳላወርድ መሞት አልፈለግኩም።

አንድ ቀን በአንድ እጄ ክራንች፣ በሌላው የጎማ መፍቻ ይዤ ወደ ሚዜዬ ግቢ ሄድኩ። ራሱን ልፈነክተው ነበር፤ አላሳምረውም። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በሩ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከብህ አለቀ፤ ያንን ተራምዶ የሚያልፍ ሰው የለም። ከፊት የነበሩት ከዶርዜ የወረዱ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን።

"ልጄ፣ ብረቱን ጣል" አሉኝ። "እጅህን አታነሳበትም። ነገሩንም በአፍህ አታነሳም። በሣሩ ማል።"

መፍቻውን ጣልኩ፤ ማልኩ። ከዚያ ለካሳ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

"ከተሰበረችው መኪና ላይ የሾፌሩን ወንበርና የፍሬን ፔዳሉን ይስጠኝ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ያኔ ራሴም በቅጡ አላውቅም። ሚዜዬ ግን ሳቀ። "እንቅልፋም ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል? አልጋ ልስጠው እንጂ" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ፈገግ አሉ። አባባ አልሳቁም። እኔ ሳቁን ከወንበሩ ጋር አስጭኜ ቤቴ ገባሁ።

ጌም ቤቱን የከፈትኩት በዚያው ዓመት ነው፤ ቆሞ መዋል ለማይችል ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ መኝታ ቤቱ ውስጥ በሠራው የሚንቀሳቀስ ወንበር ላይ ሆኖ መኪና ሲያሽቀዳድም አየሁ። ቀጥሎ በዚያው ወንበር አውሮፕላን ሲያበር አሳየ። አውሮፕላኑ አላጓጓኝም። ወንበሩ ሲንገጫገጭ እኔ ያየሁት የሚዜዬን አንገት ነው።

ሚስቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ማብራሪያውን እያነበበች ትነግረኛለች። መጀመሪያ በያጅ ዘንድ ሄጄ ከአንግል ብረት እግር አሠራሁለት። መሃሉ ላይ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ክሮቸራ፣ ያንን በየአቅጣጫው የሚተጣጠፈውን መገጣጠሚያ አስገባሁ። ለጉልበት ሁለት የስፓዞላ ሞተር፣ የዝናብ መጥረጊያውን ማለቴ ነው፣ አሰርኩለት። ባዶውን ሲሆን ጥሩ ይደንስ ነበር። እኔ ስቀመጥበት አቃሰተ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ቆመ። ሚዜዬ ደግሞ ከእኔ ይወፍራል።

ስለዚህ ትልልቅ የግቢ በር የሚከፍቱ ሞተሮችንና ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ እየተቀበለች የምታደርስላቸውን ትንሽ ቦርድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ገመዱን ገልብጬ አገናኝቼ ኖሮ፣ ፍሬን ስይዝ ወንበሩ በጀርባዬ አንጋልሎ ጣራውን አሳየኝ። አስተካከልኩት። መብራት ሲጠፋ መሃል መንገድ ላይ እንዳይገተር ባትሪ ጨመርኩለት። ሚስቴ ምሳዋን ኩርኩፋ፣ ያንን ከጎመን ጋር የሚቀቀል የበቆሎ ምግብ፣ በልታ ልትሞክረው ተቀመጠች፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ አፏን ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች። እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም። እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ፤ እሷ ከሮጠች ሚዜዬም ይሮጣል ማለት ነው።

ከሁሉም ያለፋኝ ፍሬኑ ነው። ከመሪው ጋር የመጣው ፔዳል የልጅ መጫወቻ ነበር። እሱን ጥዬ የተሰበረችውን መኪና ፔዳል ተከልኩ፤ ከጀርባው ጠንካራ ጎማና የእግርን ጉልበት የሚለካ ዕቃ አስገባሁ። እንደ ድንጋይ ሆነ። ከጠረጴዛዬ ሥር ደግሞ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። እሷ ስትነካ ፍሬኑ ይሞታል፤ ሰውየው የፈለገውን ያህል ቢረግጥ መኪናዋ አትሰማም።

መንገዱን ማስገባት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። በሰው ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ስልኬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ እቀርጻለሁ፤ ቤት ገብቼ ኩርባ በኩርባ ኮምፒውተሩ ላይ እሠራዋለሁ። ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ ነው የተከልኳቸው።

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለችኝ ሚስቴ አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ። "በሣር ምለሃል።"

"እጄን አላነሳሁም። አፌንም አልከፈትኩም። ወንበር ነው የሠራሁት።"

"ጣውንቴን ለማን እያሳመርክ እንደሆነ የማላውቅ መስሎሃል" አለችና ቀድማኝ ሄደች።

ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። ሾፌሮች ከሥራ ሲወጡ እየመጡ የጨንቻን ቁልቁለት ይወርዱ ጀመር። አንዱ ሲነዳ ሌላው ረዳት ሆኖ ከኋላ "ወራጅ አለ" ይላል። ይስቃሉ፣ ይወራረፋሉ። ፊት ለፊቴ እንቅልፌ ማለት ተዉ፤ ስወጣ ግን እሰማቸዋለሁ። ማጥፊያዋን በአንዳቸውም ላይ አልነካሁም። ለአንድ እንግዳ የተቀመጠች ነበረች።

እንግዳው ሲጠጣ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው። "እኔ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ አወርዳት ነበር" ይላል። ለመስቀል ሁሉም ወደ አገሩ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ እየገፉ አመጡት። "ዓይንህን ጨፍነህ የምታወርዳት መንገድ ይቺውና" አሉት። አባባ ቤቴ ነበሩ። በየዓመቱ ለመስቀል ገበያ ሲወርዱ ጎራ ብለው "ሣሩ እርጥብ ነው?" ይሉኛል፤ እኔም "እርጥብ ነው አባባ" እላቸዋለሁ። ያን ቀንም ብያቸው ነበር።

ሚዜዬ ወንበሩን ዳበሰው። "ይቺ የኔ አይደለችም እንዴ?"

"ነበረች" አልኩት።

ተቀመጠ። ከዶርዜ ተነስቶ ወረደ። ጥሩ ሾፌር ነው፤ ጠላቴ ቢሆንም አልክደውም። የላይኞቹን ኩርባዎች እየሳቀ አለፋቸው፤ ፍሬኑን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ለስለስ አድርጎ ይይዛል፣ ወንበሩም ለስለስ ብሎ ያጎነብሳል። እኔ ጣቴን ማጥፊያዋ ላይ አድርጌ ቀርከሃውን እጠብቃለሁ።

ቀርከሃው ብቅ ሲል፣ ኩርባው ገና ሩቅ ሳለ፣ ወንበሩ ቶሎ ቶሎ አጎነበሰ። ቀና አለ፣ አጎነበሰ። ቀና አለ፣ አጎነበሰ። ሦስት ጊዜ።

መጀመሪያ ሞተሩ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ እግሩን አየሁት። ማጥፊያዋን አልነካሁም፤ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ግን ያችን ቦታ አይቷል፣ ያንን ፔዳል ረግጧል፤ እግሩ ሳያማክረው አስታወሰ። እኔ ወንበሩን የሠራሁት ሰውየውን እንዲያንገጫግጭልኝ ነበር። እግሩ የሚያደርገውን ለቤቱ ሁሉ ያሳይልኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሾፌሮቹም ከስክሪኑ ወደ እግሩ ዞሩ። ከአባባ በቀር ሁሉም ሾፌር ነው።

"ለምን ፓምፕ ታደርጋለህ?" አለው አንዱ ጎልማሳ ሾፌር።

ሚዜዬ መኪናዋን ዳር አስያዛት። "ልማድ ነው።"

"ከላይ ያሉት ኩርባዎች ላይ ያልነበረ ልማድ?"

አባባ ነገሩ አልገባቸውም። "ምን አደረገ? ንገሩኝ እንጂ" አሉ።

"አባባ፣ እንዲህ የሚያደርገው ፍሬኑ እዚህ ቦታ ላይ እንደሚከዳ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው" አላቸው ሾፌሩ።

አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ወንበሩ አጠገብ ቆሙ። "ያ የሠርጉ እሁድ መኪናውን ያወረድከው አንተ ነህ?"

"አዎ አባባ።"

"እዚህ ጋ እንዲህ አደረግክ?"

ሚዜዬ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ።

"ሰኞ ለዚህ ልጅ ነገርከው?"

ሚዜዬ መሪውን ለቀቀ። "ማክሰኞ ላሠራት ነበር" አለ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ደክሟል። "ልጄ፣ እኛ ሣር ይዘን የተንበረከክነው ለውሸት ነው። አፍህን ፈትቼልሃለሁ። እጅህን ግን አልፈታሁም።"

ለዚያች ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ገላዬን ስታጠብ እንኳ እለማመደው ነበር፤ ስድቡም ግሩም ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። አንድ ቃል ብቻ መጣልኝ።

"ንዳ" አልኩት።

"ምን?"

"አልጨረስክም። ኩርባው ገና ነው። ንዳ።"

ሊነሳ ዞር ዞር አለ። ሾፌሮቹ ከበውት ቆመዋል፤ መንገድ የለቀቀለት የለም። ተመልሶ መሪውን ያዘ፣ መኪናዋን ለቀቃት፣ ቁልቁለቱ ተቀበላት። አባባ ያልፈቱልኝ እጄ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች። አላነሳኋትም፤ በጣቴ ተጫንኩ።

ረገጠ፤ ወንበሩ አላጎነበሰም። ፓምፕ አደረገ፤ አላጎነበሰም። ወንበሩ ወደ ገደሉ ማዘንበል ጀመረ። "ቀርከሃውን፣ ቀርከሃውን ያዝ" አለው አንዱ ሾፌር። ወዴትም አላዞረም። ሁሉም ስክሪኑን ያያሉ። እኔ የማየው ፊቱን ነበር።

አንቀላፍቶ ነው ያለኝ ሰው፣ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር።